ክብደትን ለመቀነስ በእጅ ስልክ ስለሚሰጥ ምክር

ጤና ከእግዚአብሔር የተሰጠን ታላቅ ሀብት ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ በተቻለው መጠን ሊጠብቀው ይገባል። ቀድሞ በሀገራችን ወፈር ማለት የምቾትና የጥጋብ ምልክት ሆኖ ይታይ ስለ ነበር፥ «አማረብህ፥ ፊትህ ሞላ» ማለት ምስጋና ነበር። ሐኪሞች ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊት፥ ለልብና ለጉልበት ሕመም መንገድ የሚጠርግ መሆኑን ያስተምሩናል። በከተማ የሚኖር ሰው ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል፤ መንገዱን በመኪና ይሄዳል፤ ዘይቱና ስኳሩም በየቤቱ በዝቷል። እንግዲህ ነገሩ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን፥ አባትና እናት ለልጆቻቸው በጤና የመቈየታቸው ጉዳይ ነው።

ልኩን ለማወቅ ሐኪሞች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። የሰውየው ክብደት በኪሎ ተመዝኖ፥ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ከተባዛ በኋላ፥ ክብደቱ ለዚሁ ይካፈላል። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደቱ ከልክ አለፈ፥ 30 ሲደርስ ደግሞ የውፍረት ሕመም ሆነ ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ወሰን 64 ኪሎ፥ ሁለተኛው 77 ኪሎ ገደማ ነው።

በዚህ ዘመን የእጅ ስልክ ለዚህ ነገር መካሪ ሆኖ ቀርቧል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሰውየው ጧት በሚዛን ላይ ይወጣል፤ የበላውንና የጠጣውን፥ የተራመደውንም ያህል በስልኩ ይመዘግባል። በሌላው ጫፍ ያለው የጤና መካሪ መዝገቡን ተመልክቶ በየጊዜው በድምፅ ወይም በአጭር መልእክት ያነጋግረዋል። መልካም መካሪ አይቈጣም፤ «ማታ ብዙ የበላኸው ቀትር ላይ ምሳህን ስላለፍህ ይሆን?» ብሎ ሰውየው የነገሩን ሥር ራሱ እንዲያገኝ ይረዳዋል እንጂ። በሌሎቹ ዘንድ ግን መካሪ ሰው የለም፤ መልሱን የሚሰጠው መሣሪያው ብቻ ነው። ታዲያ የሚጠቅመው ስልኩ ነውን፥ ወይስ ሰውየው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሁለት ምርመራዎችን እናቅርብ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ 3,234 ሰዎች በሦስት ወገን ተከፍለው ነበር። ለአንደኛው ወገን ለእያንዳንዱ መካሪ ተመድቦለት፥ ከክብደቱ ከመቶ 7 እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ፤ ለሁለተኛው ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ኃይል የሌለው ክኒን ወሰደ። በ2002 ውጤቱ ሲገለጽ፥ ከሦስተኛው ወገን ጋር ሲነጻጸር መድኃኒቱ በስኳር በሽታ የሚያዙትን ከመቶ 31፥ ምክሩ ግን ከመቶ 58 ቀንሶ ተገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው በአማካይ 5.6 ኪሎ ብቻ በመቀነስ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ያ ምክር የተሰጠው ፊት ለፊት ነበር። ስልክ በተጨመረ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና በ2015 የታተመው ምርመራ ያስረዳል። ዕድሜአቸው ከ18 እስከ 35 የሆነ 365 ወጣቶች ተመርጠው፥ ከፊሎቹ የስልክ መሣሪያ ብቻ፥ ከፊሎቹ ከስልኩ ጋር መካሪ ሰው፥ የቀሩት የታተመ ወረቀት ብቻ ተሰጣቸው። ስልክ ብቻ የያዙት ወረቀት ከያዙት የበለጠ አልቀነሱም። መካሪ ያላቸው በ6 ወር ወረቀት ከያዙት በ2 ኪሎ ገደማ በልጠው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ሲሞላ ያ ብልጫ እርግጠኛ ሆኖ አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው ግልጥ ነው። ስልክ መስታወትና መዝገብ ነው፤ መስታወት የፊትን እድፍ ያሳያል እንጂ አያጥብም። መካሪ ሰው ሲጨመርበት ኃይል ያገኛል፤ መካሪውም ቢሆን ከሩቅ ሆኖ ብቻውን ለዘለቄታው ሊያቆመው አይችልም። ከመካሪው በኋላ የሚቀረው ቤተ ሰብ ነው።

ይልቁንም በእኛ ቤት ነገሩ የራሱ ጠባይ አለው። መሣሪያው «ምን ያህል በላህ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ከአንድ ገበታ በጋራ ለሚቈርስ ሰው መልሱ ይቸግራል። «በሞቴ፥ ይቺን ብቻ» ተብሎ የቀረበውን ጉርሻም የትኛውም መካሪ ከሩቅ አያየውም። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ስለ ሆነ ይቅር አንልም፤ ግን ክብደቱን እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘውን ሰው አንድ ጊዜ ካጐረሱ በኋላ መተው ራሱ ፍቅር ነው። ሰውየውም በዚያው ገበታ ተቀምጦ፥ እንጀራውን ቈጥሮ ከፊቱ ቢያኖር ኅብረቱ አይፈርስም፤ ልኩም ይታወቃል። የቤት እመቤት ደግሞ ዘይቱን ከጠርሙሱ ከማንቈርቈር ይልቅ በማንኪያ ብትሰፍር ብዙ ትረዳለች።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንጨምር። ጾም ለነፍስ የታዘዘ ነው እንጂ ለሚዛን አይደለም። የጾም መብል ሁሉ ቀላል ነው ማለትም አይቻልም፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ለስላሳ መጠጥ በጾም ወራትም ያወፍራሉ። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚወስድ ሰው ግን በመራብ ብዛት ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ስለሚችል፥ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ማማከር አለበት። በሴኔጋል መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ከ2014 ጀምሮ በረመዳን ለስኳር ሕሙማን በስልክ አጭር መልእክት መላኩ፥ ስልክ በጾም ወራት እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል ያሳያል።

በእንግሊዝ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት በ2021 የ12 ሳምንት የስልክና የኮምፒዩተር ምክር መጀመሩን እናስታውሳለን። ይህ የታሰበው ውፍረት ከስኳር በሽታ ወይም ከደም ግፊት ጋር ላለባቸው ነው። ለሌላው ሰው ወሰኑ 30 ሲሆን፥ ከጥቁርና ከእስያ ወገን ለሆኑት 27.5 ተደርጓል፤ እነዚህ በአነስተኛ ውፍረትም ለስኳር በሽታ ይጋለጣሉና።

እንግዲህ በስልክ ምክር ለመጀመር የሚያስቡ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ይህን ይመርምሩ። አንደኛ፥ በሌላው ጫፍ የሠለጠነ ሰው አለን? ሁለተኛ፥ በወር 10 ኪሎ አስቀንሳለሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ነውን? እንዲህ ያለውን ይሽሹት። ሦስተኛ፥ የጤናዎን ምሥጢር ለማን ያስተላልፋል? ነፍሰ ጡርና የሚያጠባ እናት፥ መድኃኒት የሚወስድም ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምሩ። ሳያስበው የሚከሳ ሰው ደግሞ ምክር ሳይሆን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የቤቱ ሁሉ ይሁን። ባል ብቻውን፥ ሚስት ብቻዋን ከሚታገሉ፥ ከእራት በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው አብረው ይራመዱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና።