ዕልባት የማይይዝ ገጽ

በጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችን ቅጠሎች ጠርዝ ላይ አልፎ አልፎ ባለቀለም ክር ተሰፍቶ ይታያል፤ ዕልባት ነው። ክሩን የሰፋው ሰው ካለፈ ዘመናት ቢቆጠሩም፣ መጽሐፉን ያነሳ ሁሉ በክሩ ተመርቶ ያንኑ ቅጠል ይገልጣል። በኢንተርኔት ብራውዘራችን ላይ የምናኖረው ዕልባትም ተስፋው ይኸው ነው፤ ዛሬ ያየነውን ገጽ ነገ እኛም ሆንን ሌላ ሰው እንድናገኘው። ይህ ተስፋ ግን ሁልጊዜ አይፈጸምም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ረፋድ ላይ፣ በአንድ የመጻሕፍት ማውጫ ድረ ገጽ ውስጥ ጥሩ የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ አገኘሁና የገጹን አድራሻ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁላቸው። ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሄደው ወዲያው ተመለሱና «መምህር፣ ገጹ ጊዜው አልፎበታል ይለናል» አሉኝ። በእኔ ኮምፒውተር ብሞክረው ተከፈተ። «በትክክል አልገለበጣችሁም» ብዬ ወቀስኋቸው። ከምሳ ስመለስ ግን ያው ገጽ ለእኔም እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ አድራሻ የመሰለኝ ነገር አድራሻ አልነበረም።

የሰርቨሩ ትውስታ

ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ በባሕርዩ ትውስታ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን ችሎ ይቆማል። ነገር ግን ዕቃ የሚሸጥ ወይም ፎርም የሚያስሞላ ድረ ገጽ ጎብኚው ቀደም ሲል ያደረገውን ማስታወስ አለበት። ስለዚህ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሴሽን የሚባል የግል ማኅደር ይከፍታል። ጎብኚው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካለ ማኅደሩ ይወገዳል፤ ቶምካት በተባለው የታወቀ ሰርቨር ይህ ጊዜ ካልተለወጠ በቀር 30 ደቂቃ ነው።

በዚህ ማኅደር በሰፊው ከሚጠቀሙት የሶፍትዌር ማዕቀፎች አንዱ ዊኬት ነው። ጆናታን ሎክ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሲሆን፣ ከ2007 ወዲህ ከአፓቺ ፋውንዴሽን ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኗል። በዊኬት አንድ ገጽ እንደ ማሽን ከክፍሎች ይገጣጠማል። ሠንጠረዡ፣ ፎርሙ፣ ቁልፉና ሊንኩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሁኔታ ያላቸው የጃቫ ኦብጀክቶች ናቸው፤ ማዕቀፉም ገጹን ከነሙሉ ክፍሎቹ በሴሽኑ ስም ያስቀምጥለታል። ፕሮግራም ጸሐፊው «ይህ ሊንክ ሲነካ ይህን አድርግ» ብሎ ከመጻፍ በቀር ስለ ማስታወሱ አይጨነቅም። ምቾቱ እውነተኛ ነው።

ዋጋው በአድራሻው ላይ ይታያል። የተራ ሊንክ አድራሻ በሰው ቋንቋ ሲተረጎም «በዚህ ጎብኚ ማኅደር ውስጥ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሊንክ ተነክቷል» እንደ ማለት ነው። የተማሪዎቼ ማኅደር ውስጥ ሦስተኛ ገጽ አልነበረም። የእኔም ማኅደር ከምሳ በኋላ ተወግዶ ነበር።

መንገድና ሁኔታ

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የአንድ ጋዝ ውስጣዊ ኢነርጂ የሚወሰነው አሁን ባለበት ሁኔታ ነው፤ ወደዚያ ሁኔታ በየት በኩል እንደመጣ አይጠይቅም። የተቀበለው ሙቀትና የሠራው ሥራ ግን በተጓዘበት መንገድ ይወሰናሉ። ተራው ሊንክ መንገዱን ያልተጓዘ ሰው አይጠቀምበትም። ዕልባት የሚይዘው ሊንክ ግን የሚጠይቀው የመድረሻውን ማንነት ብቻ ነው።

ዊኬት ለዚህ ቡክማርከብል ፔጅ ሊንክ የተባለ ልዩ የሊንክ ዓይነት አለው። አድራሻው የገጹን ዓይነትና ጥቂት መለያዎችን፣ ለምሳሌ «የመጽሐፍ ገጽ፣ ቁጥር 417» የሚለውን፣ በራሱ ይዞ ይዞራል። አንድ ግዴታ ግን አለ፤ የገጹ ኮንስትራክተር፣ ማለትም ገጹን የሚገነባው የፕሮግራም ክፍል፣ ምንም የማይቀበል ወይም እነዚህን መለያዎች ብቻ የሚቀበል መሆን አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ስለ ጠያቂው ምንም ሳያስታውስ ገጹን ከአድራሻው ብቻ መውለድ ይኖርበታል። ቁጥር 417ን ከመረጃ ቋቱ ፈልጎ ያቀርባል፤ ነገም፣ በሌላ ኮምፒውተርም፣ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላም። በኋላ የወጡት የዊኬት ዝርያዎች ሴሽኑ ያለፈበትን ገጽ አድራሻው ከፈቀደ እንደገና ይገነቡታል። ይሁንና በትውስታ ብቻ የነበረው፣ ለምሳሌ በግማሽ የተሞላ ፎርም፣ አይመለስም።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

አድራሻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ 417ን ወደ 418 መለወጥም ማንንም አያቅተውም። ስለዚህ ገጹ በተከፈተ ቁጥር የጠያቂው መብት እንደ አዲስ ይመርመር። ምስጢር በአድራሻ ውስጥ አይጻፍ። በአማርኛ ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይፈጃል፤ አድራሻው ሲላክ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። አምስት ፊደል ያለው ርዕስ 45 ምልክት ይወጣዋል ማለት ነው። በሰሌዳ ለሚገለበጥ አድራሻ አጭር ቁጥር ይመረጣል።

ሁሉም ገጽ ዕልባት ይያዝ ማለት አይደለም። የክፍያ ሂደት መካከለኛ ደረጃ ማንም ሊመለስበት የማይገባ ነው። መጽሐፍ፣ የጥናት ውጤት፣ የትምህርት ማስታወሻ ግን ሊጠቆሙ ይገባል። ቲም በርነርስ-ሊ፣ እርሱም የፊዚክስ ምሩቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ለድር መነሻ የሆነውን ሐሳብ ያቀረበው በሰርን ተመራማሪዎች ዘንድ መረጃ እንዳይጠፋ ነበር። ሌላው ሰው ሊያገኘው የማይችል ማስረጃ በሳይንስ ዘንድ ማስረጃ አይባልም።

ድረ ገጽ የሚሠራ አንባቢ ፈተናው ቀላል ነው፤ አድራሻውን ገልብጦ በሌላ ኮምፒውተር ይሞክረው። እኔ በማግስቱ ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠየቅሁና የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም በሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው። ያ አድራሻ እስከ ዛሬ ይሠራል።