ያገለገለ የከሰል ግሪል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ



በዓል ሲቃረብ በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ያገለገለ ግሪል ገዝቼ ባሳድሰው ለጤና ችግር አለው?» ጥያቄው ይገባኛል። እኔ የምሠራበት ዓለም ባንክ አካባቢ እንኳ ቅዳሜና እሁድ ግቢ ውስጥ ስጋ መጥበስ እየተለመደ ነው። አዲሱ ግሪል ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሰው ምናለሽ ተራ ይወርዳል፣ ከቁራሌው ይገዛል፣ ቴሌግራም ላይ ያፈላልጋል፣ ወይም ሰፈር ያለው በያጅ ጋር ሄዶ በርሜል ያስቆርጣል።

አጭሩ መልስ፦ መግዛት ይቻላል። ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። ብረቱ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ፣ በደንብ ማጽዳትና ማሟሸት፣ ከሰሉን ደግሞ በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ አለማስገባት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሕመም ያድኗችኋል፤ ሦስተኛው ከሞት።

1. ስትገዙ፦ ብረቱ ታሪክ አለው

የመርካቶው ምናለሽ ተራ የሚደነቅ ቦታ ነው። ሌላው የጣለውን በርሜል፣ ጣሳና ላሜራ ቀጥቅጠው ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥበሻ ያደርጉታል። ግን እናንተ ምግብ ልታበስሉበት ስለሆነ ሻጩን ሳታፍሩ ጠይቁት፦ «ይሄ ነገር በፊት ምን ነበር?»

በርሜል ከሆነ፦ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል የምግብ ዘይት የነበረበት ሊሆን ይችላል፤ ኬሚካል፣ ቀለም ወይም የተባይ ማጥፊያ የነበረበትም ሊሆን ይችላል። ምን እንደነበረበት የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ተዉት። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ውስጡ ሲሸተት የሚጎረብጥ ከሆነም እንደዚያው። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ራሳችሁ በግራይንደር ለመቁረጥ አትሞክሩ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

ዚንክ የተለበጠ ብረት ከሆነ፦ የጣሪያ ቆርቆሮና ብርማ የሚያብለጨልጭ ላሜራ ማለት ነው። ዚንክ በጣም ሲግል የሚወጣው ጭስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳልና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። በያጆች በደንብ ያውቁታል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የነካው ስጋ ሲያርፍበትም ዚንኩ ወደ ምግቡ ሊሟሟ ይችላል። ከሰሉ የሚቀመጥበትም ሆነ ስጋው የሚያርፍበት ከዚህ ብረት አይሁን።

የፍሪጅ መደርደሪያ ከሆነ፦ «ፍርግርጉን ከፍሪጅ አወጣሁት» የሚል ብዙ ሰው አለ። አሮጌ የፍሪጅ መደርደሪያ ካድሚየም የተለበጠ ሊሆን ይችላል፤ የካድሚየም ጭስ ደግሞ ሳንባና ኩላሊት ይጎዳል። ፍርግርጉ ከወፍራም ጥቁር ብረት ወይም ከማይዝግ ብረት ቢሠራ ይሻላል።

ቀለም የተቀባ ከሆነ፦ አሮጌ ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖረው ይችላል። ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው። ውስጡ ቀለም የተቀባውን አትግዙ። ብረቱን አሳምረው ውስጡን ጭምር አንቲረስት ቀብተው የሚሸጡም አሉ፤ ያ ቀለም እሳት ሲነካው ወደ ሳንባችሁና ወደ ስጋችሁ ነው የሚሄደው።

ዝገትስ? ላይ ላዩን ያለ ዝገት አያስፈራም፣ ይጸዳል። የተበሳ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚለመጥ ከሆነ ግን ፍሙን አይችልም፤ አንድ ቀን ፍም እግር ላይ ይዘረግፋል።

ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ ያገለገለ ላቀች ምድጃም ይበቃችኋል። ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ከሰል ይቆጥባል። ሸክላው አለመሰንጠቁን ብቻ እዩ።

2. ስታድሱት፦ እንደ ምጣድ አሟሹት

• ሥራውን ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት አድርጉት። ወፍራም ጓንትና ማስክ አድርጉ።

• ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቁ፤ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። የሽቦ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ በኋላ ፍርግርጉን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉት። ከብሩሹ የተነቀለች ቀጭን ሽቦ ስጋ ላይ ተጣብቃ ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ልትሰካ፣ አንጀትም ልትበሳ ትችላለች።

• በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። «ቶሎ እንዲለቅ» ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

• ብረት ቢቆርጣችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና እጠቡና ክትባታችሁን አስታውሱ። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚመጣው ከዝገቱ ሳይሆን አፈርና ቆሻሻ ላይ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ቁስሉ የቆሸሸ ወይም ጥልቅ ከሆነና የመጨረሻ ክትባታችሁን ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መቼ እንደወሰዳችሁ ካላወቃችሁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

• ሲደርቅ ስስ አድርጋችሁ ዘይት ቀቡትና ስጋ ሳታደርጉ ለ1 ሰዓት ያህል በፍም አግሉት። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚያሟሹት ማለት ነው። የቀረው ሽታና ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ብረቱም ቶሎ አይዝግም። ከሽታው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከሁለተኛው ማሟሸት በኋላም የቀለም ወይም የኬሚካል ሽታ ካልተወው ምግብ አታብስሉበት።

3. ስትጠቀሙበት፦ ጭስ የሌለው ፍም ይበልጥ ይፈራል

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋር ነው።

ክረምት ላይ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ይመጡልናል። ቤተሰቡ በሙሉ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። ማታ የበሉት ምግብ የመረዛቸው ይመስላቸዋል። «ማታ ከሰል ነበር?» ስላቸው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አዎ፣ ግን ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባነው።»

ጭሱ ማለቁ ምንም ማለት አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ቀይ ሆኖ የጋመው ፍም በብዛት ያመነጨዋል። ይህ ጋዝ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ልቡና አንጎሉ ይታፈናሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ሳሳ ያለ ነው።

አሁን በዓሉን አስቡት። ስጋው ተጠብሶ ተበላ፣ ዝናብ መጣ፣ ግሪሉ ላይ ጥሩ ፍም ቀርቷል። «ከሚባክን ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ማስገባት ይመጣል። እባካችሁ አታድርጉት! መስኮት መክፈት በቂ አይደለም። በመስታወት የተዘጋ የኮንዶሚኒየም በረንዳም ሆነ በሩ የተዘጋ ጋራዥ ውጭ አይባልም። ውጭ ማለት አራቱም አቅጣጫ አየር የሚገባበት ግቢ ነው።

ሲጨርሱ ፍሙን በውኃ አጥፉት፤ እንፋሎቱ እንዳያቃጥላችሁ ራቅ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። አመድ የለበሰ ፍም ውስጥ ውስጡን ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ እስኪበርድ ውጭ ይደር።

ከሰሉን በፌስታል ወይም በላስቲክ አታያይዙ፣ መርዛማው ጭስ ስጋው ላይ ያርፋል። የተያያዘ ከሰል ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ደግሞ ክፉኛ ያስቃጥላል።

ምልክቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ከሰል ባለበት ቤት ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው፣ ወጣ ሲልም ቀለል ካለው፣ ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ የከሰል ጋዝ ነው በሉ።

ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?
• በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ የተኙትን ቀስቅሱ።
• ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና አደጋ) ደውሉ።
• ወተት አጠጥቶ መጠበቅ አይሠራም። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ።
• ጤና ተቋም ስትደርሱ «ከሰል ነበር» ብላችሁ መጀመሪያ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ሰውየው እየታፈነም «98» ሊያሳይ ይችላል።
• ነፍሰ ጡር ካለች ቢሻላትም ትታይ፤ ጽንሱ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳል።

ከሰል ሳይሆን ያገለገለ የጋዝ ግሪል ካገኛችሁ፣ ጎማውንና ሬጉሌተሩን በአዲስ ቀይሩ። ከገጠማችሁ በኋላ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነውና አትለኩሱት።

እንግዲህ አሮጌ ብረት አይናቅም፤ በደንብ ከተመረጠና ከተሟሸ ዓመታት ያገለግላል። ለበዓል ግሪል ሊገዛ የተነሳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን ላኩለት። በተለይ ማታ ከሰል ቤት የሚያስገባ ሰው ካወቃችሁ ላኩለት ብቻ ሳይሆን ደውሉለት።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ጤና ሁኑ!