ሦስት ፊደላት የሚናገሩት

የድሮ የጀርመን የጠመንጃ መነጽር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛይስ ናት?» ብሎ ነው። አዋቂው ግን ቱቦዋን ወደ ብርሃን አዙሮ ትንንሽ ፊደላት ይፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎቹ ስማቸውን በኮድ ይሸፍኑ ነበር፦ «ቢ ኤል ሲ» የየናው ካርል ዛይስ፣ «ቢ ኢ ኤች» የቬትስላሩ ላይትስ፣ «ዲ ዲ ኤክስ» የብራውንሽቫይጉ ፎይግትሌንደር ነው።

«ጺልፊር» የሚል ከተጻፈባት የዛይስ የአደን መነጽር ናት፤ «ፊር» አራት ማለት ነው፣ 4 እጥፍ ታጎላለች። ሠራዊቱም እንዲህ ያሉትን ለአልሞ ተኳሾቹ ወስዷል፤ ስለዚህ ስም ብቻውን የአደን ናት ወይስ የጦር ብሎ አያስፈርድም።

ትንሿ የሠራዊቱ መነጽር «ዜድ ኤፍ 41» ደግሞ 1.5 እጥፍ ብቻ ታጎላለች። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ካለባት ብርድ የሚችል ቅባት አላት ማለት ነው፤ ለማሳመር ብሎ የሚፍቃት ማስረጃውን አብሮ ይፍቃል።

የቆርቆሮ ማኅደሯም አይጣል።