ሼዱ ቢዘጋ ሙያው የት ይደርሳል?

ለውጭ ገበያ በሚሰፋ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት መርፌ ስትሰበር የዚያ ማሽን ሥራ ይቆማል። ኦፕሬተሯ እጇን ታነሳለች፤ ሱፐርቫይዘሯ ትመጣለች። ስብርባሪው ከማሽኑ ሥር፣ ከጨርቁ እጥፋት፣ ከወለሉ ላይ ይለቀማል። ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ እስኪሆን ድረስ አዲስ አይሰጥም። የተገኘው በፕላስተር መዝገብ ላይ ይለጠፋል፤ ቀኑና የማሽኑ ቁጥር ይጻፍበታል። ያለቀለት ልብስም ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብረት በሚለይ መሣሪያ ያልፋል፤ የጠፋችው የመርፌ ጫፍ ባሕር ተሻግራ የአንድ ሕፃን ገላ ላይ እንዳትገኝ።

በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲንጀሩን በእግሩ ለሚያሽከረክር ልብስ ሰፊ ይህ ሁሉ ብዙ ጣጣ ነው። የውጭ ገዢ ግን ሸሚዙን ሲገዛ መዝገቡንም አብሮ ይገዛል። የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለከተማዋ ያመጣው ትልቁ ነገር ይህን የመሰለ ዕውቀት ነው።

ፓርኩ ሐምሌ 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ፤ በዋዜማው የኮምቦልቻው ተመርቆ ነበር። የቻይናው ሲሲሲሲ ኩባንያ 100 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ፣ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ ገነባው። መንግሥት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽንን ያቋቋመውና የፓርኮቹን አዋጅ ያወጣው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውጥኑን ከፊት ሆነው ከመሩት አንዱ ዶክተር አርከበ ዕቁባይ ናቸው። አካሄዱ ግልጽ ነበር፦ መንግሥት ሼዱን ሠርቶ፣ መብራትና ውሃ አስገብቶ ይጠብቃል፤ ባለሀብቱ ማሽኑን ይዞ ይገባል። ቪዛው፣ ፈቃዱና ጉምሩኩ እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል።

መጡም። የህንዱ ኬፒአር ሚል በፓርኩ ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ከፈተ። በከተማዋ ደግሞ የባንግላዴሹ ዲቢኤልና የጣሊያኑ ካልዜዶኒያ ሥራ ጀመሩ። ማአ ጋርመንትን የመሰሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ቀድመው ነበሩ።

ከሳባቸው ነገር አንዱ አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ነው። አሜሪካ የምታስገባው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የፖሊስተር ሲሆን 32 በመቶ ገደማ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። በአጎዋ የታቀፈ አገር ይህን አይከፍልም ነበር። አንድ ሸሚዝ ላይ በሳንቲም በሚከራከሩበት ንግድ ውስጥ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ሌላው የጉልበት ዋጋ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ በዚያን ጊዜ 95 ዶላር ነበር። ከቤት ኪራይና ከምግብ የማያልፍ ደመወዝ የሚከፈላት ወጣት ትለቃለች፤ ስትለቅ ለወራት የሠለጠነችበት ሙያ አብሯት ይወጣል። አሠሪው ርካሽ ያለው ጉልበት በየጊዜው አዲስ ሰው ማሠልጠን ሲጨመርበት ይወደዳል።

በእነዚህ ፋብሪካዎች አመራር የሚፈተነው በስፌት መስመሩ ላይ ነው። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ጎን ትሰፋለች። የእያንዳንዱ ስፌት ጊዜ በሰዓት መያዣ ይለካል። እጅጌ ጋ ሥራ ከተከመረ ኮሌታው ቢፈጥንም ትርፍ የለውም፤ የመስመሩ ፍጥነት የሚወሰነው በዘገየው ስፌት ነው። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ክምሩን ገና ሳይበዛ አይታ ሰው ታዘዋውራለች፣ ማሽን ትቀይራለች። ይህን ችሎታ ማንም ከውጭ ይዞላት አይመጣም፤ መስመሩ ላይ እየዋለች የምታገኘው ነው።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ይህ ሁሉ ተቋረጠ። ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተዘጉ። ካልዜዶኒያ ሥራ አቆመ፤ ዲቢኤል የውጭ ሠራተኞቹን አስወጣ። ልብስ ደግሞ ወቅት አለው፦ ለበጋ የታዘዘ በጋው ካለፈ በኋላ ቢደርስ የሚቀበለው የለም፤ ትዕዛዙም ወዲያው ወደ ሌላ አገር ይዞራል። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የአዲስ አበባና የመቐለ በረራ ዳግም ተጀመረ። አውሮፕላኑ መመለሱ ግን የሄደውን ገዢ መልሶ አላመጣም።

እዚህ ላይ የባንግላዴሽን አጀማመር ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኑሩል ቃደር የተባለ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ከደቡብ ኮሪያው ዴዉ ጋር ተዋውሎ 130 ሠራተኞችን ለስድስት ወር ሥልጠና ቡሳን ላከ። ሲመለሱ ዴሽ በተባለው ፋብሪካው ሥራ ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን 115ቱ ዴሽን ለቀው ነበር፤ ገሚሱ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፣ ገሚሱ አዳዲሶቹን ፋብሪካዎች ማደራጀት ያዘ። ለዴሽ ኪሳራ የመሰለው ለአገሪቱ ዘር ሆነ። ዛሬ ባንግላዴሽ በዓመት ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ልብስ ትልካለች።

ሙያው ብቻውን ይህን አላደረገም። ቃደር የታገለለት ሌላ ፈጠራ ነበር፤ እሱም ባንክ ቤት የሚያልቅ ወረቀት ነው። ልብስ አምራቹ የውጭ ገዢው የከፈተለትን ኤልሲ (ባንክ ክፍያ የሚያረጋግጥበትን ሰነድ) ዋስትና አድርጎ ለጨርቅ መግዣ ሌላ ኤልሲ ይከፍታል። ጨርቁ ቀረጥ ሳይከፈልበት በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር መጋዘን ይቀመጣል፤ ተሰፍቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ የራሱ ገንዘብ የሌለው፣ ትዕዛዝና ችሎታ ግን ያለው ሰው ላኪ ሊሆን ቻለ።

መቐለም ሼድ ውስጥ የሠለጠኑ ኦፕሬተሮች፣ የጥራት ተቆጣጣሪዎችና የማሽን ጠጋኞች አሏት። ኢንጂነር የሚያስመርቅ ዩኒቨርሲቲም አላት። የመርፌውን መዝገብ ስትይዝ የኖረች አንዲት ሱፐርቫይዘር አሥር ማሽን ይዛ ብትነሳ የመጀመሪያ ገበያዋ ሩቅ አይደለም፦ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላ፣ የሆቴል ጋዋን። ከዚያ ወደ ውጭ ትዕዛዝ መሸጋገር ይቻላል። ትዕዛዙን ይዛ ብድር ለመጠየቅ ባንክ ስትገባ የሚቀድማት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ የቤት ካርታ ነው።