ጉልበቱን ከፍሎ የሚያድር እንግዳ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓመተ ምሕረት፥ ሱ ኮፓርድ የምትባል በሎንዶን በጸሐፊነት ሥራ የምትኖር ሴት የገጠር አየር ቢናፍቃት አንድ ዘዴ አሰበች። ይኸውም በሳሴክስ አውራጃ፥ ኤመርሰን ኮሌጅ በሚባለው ትምህርት ቤት እርሻ፥ ቅዳሜና እሑድን በሥራ ማሳለፍ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ የሄዱት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን ልማዱ በብዙ አገር ተስፋፍቶ «ዉፍ» በሚል አጭር ስም ይታወቃል።

ውሉ እንዲህ ነው። ባለ እርሻው ለመንገደኛው ምግብና ማደሪያ ይሰጣል፤ መንገደኛውም በቀን ጥቂት ሰዓት ያርማል፥ ይኰተኵታል፥ ፍግ ያመላልሳል፥ ፍየል ያልባል። በሁለቱ መካከል ገንዘብ አያልፍም። እርሻው የፋብሪካ ማዳበሪያና መርዝ የማይነካው ስለ ሆነ፥ አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ ስለዚህም ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ደቦ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ደቦ የሚመጣው ጎረቤት ሲሆን፥ ወደዚህ የሚመጣው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው።

እንግዲህ ሴት ልጅ በዚህ መንገድ ልሂድ ብላ ስትጠይቅ፥ ወላጅ እጅዋ አፈር ስለ መንካቱ አይጨነቅ፤ ይህስ ያስመሰግናታል። የሚጠየቀው ሌላ ነው። የሥራው ሰዓት ስንት ነው? ማደሪያው ከቤተ ሰቡ ጋራ ነው ወይስ ለብቻ? ቀድሞ ያደሩት እንግዶች ምን መሰከሩ? ይህ ሁሉ ከመነሣቷ በፊት በጽሑፍ ተቈርጦ ይታወቅ። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው የመግቢያ ፈቃድ ነው። አንዳንድ መንግሥት ያለ ደመወዝ የሚሠራውንም እንደ ሠራተኛ ስለሚቈጥረው፥ በጐብኝ ቪዛ የመጣ ሰው ከድንበር ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ባለ እርሻው «ግድ የለም» ብሎ ቢጽፍ እንኳ፥ ቲኬት ሳይገዛ የዚያን አገር ቆንስላ መጠየቅ ይገባል።