የዩብዶ ፕላቲነምና የካንሰር መድኃኒት፦ ተረትና እውነታ

ከአንገር ጉቲን ተነስቶ በነቀምቴና በጊምቢ አድርጎ ወደ ምዕራብ የዘለቀ መንገደኛ ዩብዶ ይደርሳል። በቢርቢር ወንዝ አካባቢ ያለው ይህ ስፍራ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፕላቲነም ሲወጣበት ኖሯል። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ደግሞ ከክብደቱ 65 በመቶው ፕላቲነም ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝቶ ተረት መፍጠር ቀላል ነው።

ተረት፦ ፕላቲነም ራሱ መድኃኒት ነው።

እውነታ፦ ፕላቲነም ዕድሜ ልክ ጣት ላይ ቀለበት ሆኖ ቢኖር ምንም አያድንም። ሲስፕላቲን የሚሠራው በአደረጃጀቱ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ የፕላቲነም አተም፣ በአንድ ወገኑ ሁለት ክሎራይድ፣ በሌላው ሁለት አሞኒያ አለው። ደም ውስጥ ክሎራይድ ስለሚበዛ መድኃኒቱ ብዙም ሳይለወጥ ይጓዛል። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ክሎራይድ ያንሳል፤ የራሱ ክሎራይዶች ይለቁና ውሃ ይተካቸዋል። ያኔ ፕላቲነሙ ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጓኒኖችን (ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ ነው) ይይዛል። ዲኤንኤው ይጎብጣል፣ መቀዳት ያቅተዋል፣ ሕዋሱም ይሞታል።

ተረት፦ ይዘቱ አንድ ከሆነ መድኃኒቱም አንድ ነው።

እውነታ፦ ትራንስፕላቲን ያው አተሞች፣ በዚያው ቁጥር አሉት። ልዩነቱ ክሎራይዶቹ ፊት ለፊት መቀመጣቸው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጎረቤታም ጓኒኖችን አንድ ላይ መያዝ አይችልም፤ መድኃኒትም አልሆነም። ለእኔ የመድኃኒት ቅመማ ጥበብ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ተረት፦ ሲስፕላቲን ከመነሻው ለካንሰር ታስቦ የተሠራ ነው።

እውነታ፦ ፔይሮኔ የተባለ ጣሊያናዊ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራው ካንሰርን አላሰበም። በ1965 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲያጠና ባክቴሪያዎቹ መከፈል ትተው እንደ ክር ረዘሙ። ሥራው የኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከኤሌክትሮዱ የሟሟው ፕላቲነም ነበር። የባክቴሪያን መከፈል ካቆመ የካንሰር ሕዋስንም ሊያቆም ይችላል ተብሎ ተሞከረ፤ አሜሪካም ሲስፕላቲንን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ፈቀደችው።

ተረት፦ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ ይመታል።

እውነታ፦ አይለይም። ያስመልሳል፣ ኩላሊትንና መስማትን ይጎዳል። ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የጨው ውሃ በደም ሥር የሚሰጠው ለኩላሊት ታስቦ ነው። በኋላ የመጣው ካርቦፕላቲን ሁለቱን ክሎራይዶች ቀስ ብሎ በሚለቅ ነገር ተክቶ የኩላሊትን ጉዳት አቅልሏል፤ የደም ሕዋሳትን ግን ይበልጥ ያወርዳል።

ስለዚህ ፕላቲነም ነው ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አይግዙ። ሲስፕላቲን እየወሰዱ ጆሮዎ መጮህ ከጀመረ ወይም ሽንትዎ ከቀነሰ ቀጣዩን ዙር ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ።