ጐርፍ ያመጣው ጉቶና የዓሣ ቤት

ዓሣን መብላት በብልኀት ነው ይባላል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለሚያኖረው ሰው ግን ብልኀቱ ከዚያ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ክረምቱ ሲወጣ ደምበጫ አጠገብ በተምጫ ወንዝ ዳር ጐርፍ ያመጣው ጉቶ ቢገኝ፥ ለዓሣዎቹ መጠለያ ይሆናል ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ደግ ሐሳብ ነው። ሆኖም አስቀድሞ የእንጨቱን ዓይነት መለየት ይገባል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣን እንደሚያሰክር የጣና አካባቢ ዓሣ አጥማጆች ያውቁታል፤ በውስጡ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለበትና። ስለዚህ ብርብራም ሆነ ወተቱ የሚያቃጥለው ቁልቋል ከዓሣ ቤት ይራቁ።

ደረቅ እንጨት የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው። ቅርፊቱን ልጦ፥ በብሩሽ ፈትጎ፥ ከቀቀሉት በኋላ ውሃውን እየለወጡ ለሳምንታት መዘፍዘፍ ይገባል። ውሃው እንደ ሻይ ቢቀላ አያስደንግጥ፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ታኒን ነው።

አሁንም አልሰጥም ካለ፥ ከጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ጋር በማይዝግ ብሎን ይታሰር፤ መዳብና ዚንክ የተለበጠ ምስማር ግን ዓሣን ይጎዳል። ድንጋዩ ከሣጥኑ ወለል ላይ ስስ ፕላስቲክ ተነጥፎለት ይቀመጥና አሸዋው በላዩ ይልበስ፤ አሸዋ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ዓሣው ሲቆፍር ይናዳል።

ከሁሉ የከፋው ጉቶውን በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ወጥሮ ማስገባት ነው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ መስተዋቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። 100 ሊትር የሚይዝ ሣጥን ቢፈነዳ 100 ኪሎ ውሃ በቤቱ ይፈስሳል፤ ዓሣዎቹም ከወለሉ ላይ ይቀራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጉቶውን በእጅህ ነቅነቅ አድርገህ ፈትነው፤ ካልተነቃነቀ ዓሣህን ልቀቅ።